የጥገና ክፍሉ ሩጫ

አዲሱ ኢንጂነር ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲመጣ አንድ የቆመ ማሽን ለማስነሳት ሰዓት ሙሉ ይፈጅ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ወደ ዐሥር ደቂቃ አወረደው። ማሽን ሲቆም ቀይ መብራት ይበራል፤ መካኒኮቹም ከያሉበት ተነስተው ይሮጣሉ። ይህን ሁሉ ያመጣው የእሱ ቁጣ ለመሆኑ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። መካኒኮቹን "ካልጮኹብህ የማትነቃ ሁላ!" ይላቸዋል። በሽመና ሠራተኞቹ ላይ ግን ስድብ እንኳ አያባክንም፤ በእሱ ዓይን የተበጠሰ ክር ከመቀጠል ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም።

አንድ ረፋድ ላይ፣ በሽመናው አዳራሽ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራችውን ዘነበወርቅን መፍቻ ይዛ ማሽን ሥር ተንበርክካ አገኛት።

"አንቺ! መጥረጊያ የያዝሽ መሰለሽ?"

"ማጥበቅ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ኢንጂነር።"

"ማን ንኪ አለሽ? ክር ቀጥዪ ተብለሽ የተቀጠርሽ ሴትዮ!"

መፍቻውን ነጠቃት። መታወቂያዋን ከአንገቷ አስወልቆ በጥበቃ አስወጣት። እሷም ቅባት የነካ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሄደች።

ኢንጂነሩ ቢሮው ሳይደርስ ሌላ ማሽን ቆመና ቀዩ መብራት በራ። መካኒኮቹ ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

"ምን ይገትራችኋል? ሩጡ እንጂ!"

የመካኒኮቹ አለቃ ጋሻው ወደ መውጫው በር ተመለከተ።

"የምንሮጠው እኮ እሷን ለመጥራት ነበር" አለ።