ዘጠኝ ቁጥር ቱቦ

ዊኒፔግ ውስጥ ባለው በዶክተር ሮዌና ክላሰን ቤተ ሙከራ ሥራው ጆሮ መቁጠር ነው። ጆሮ የሚሉት በነጭ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ተቀምጦ የጭንቀት ሆርሞን የሆነውን አድሬናሊንን የሚቀበለውን ነው። ለዓመታት በሽተኛ ያስታመመ ሰው ደም ላይ ይህ ጆሮ ይሳሳል፤ ቀን ከሌት ሲጮኽበት የከረመ ሕዋስ መስማት ይተዋል።

ለማነጻጸሪያ ማንንም የማያስታምም ሰው ደም ያስፈልጋል። ሲጎድል ከቤተ ሙከራው ሰዎች አንዱ ቅጽ ሞልቶ ክንዱን ይሰጣል። ቅጹን ጸሐፊዋ ማቪስ በፖስታ ታሽገዋለች፤ ቱቦው ላይ ቁጥር ብቻ ይለጠፋል።

ዘጠኝ ቁጥር ከማነጻጸሪያዎቹ ወገን ነበር። ጆሮ ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ሮዌና ዱዌይንን ጠራችው። ሕዋሱን ከደሙ የሚለየው እሱ ነው። ሚስቱን ሁለት ዓመት አስታሞ በመስከረም ቀብሯል።

«ያንተን ደም ነው ያስገባኸው?»

«ኧረ ዶክተር! እኔን ማን ጤነኛ ይለኛል?»

«እንግዲያው ቱቦ አቀያይረሃል።»

«አላቀያየርኩም። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ! ሊያባርሩኝ ከሆነ ያባርሩኝ።»

«ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ከነገ ጀምሮ አትመጣም።»

 ከቀብሩ ወዲህ ዱዌይንን ጠዋት የሚያስነሳው ይህ ሥራ ብቻ ነበር። ፈራ።

ሮዌና የተረፈውን ደም ወስዳ በራሷ እጅ መቁጠር ጀመረች። መሀል ላይ የእሳት ደወል ጮኸ። ሁሉም ካፖርት ሳይደርብ ወደ በረዶው ሮጠ። የውሸት ጩኸት ሆኖ ሲመለሱ እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ቀና ብላም አላየቻቸው።

«ይቺ ሴትዮ ብረት ናት እንዴ?» አለች ማቪስ፣ እጇን እያሻሸች።

ውጤቱ ያው ሆነ። ሮዌና ስልኳን አንስታ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት እደርሳለሁ፤ መድኃኒቱን ሰጥቼ እኔው አበላዋለሁ» አለችና ዘጋች።

«ማቪስ፣ ፖስታውን ክፈችው።»

«ስሙ ከታየ ቁጥሩ ከጥናቱ ይወጣል እኮ።»

«ይውጣ። የዚህ ሰውዬ ነገር ዛሬ ይለቅ።»

ዱዌይን ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ማቪስ ቅጹን አወጣች፤ አነበበች፤ እንደገና አነበበች። ከዚያ ለሮዌና ሰጠቻት።

ስም፦ ሮዌና ክላሰን። በቤትዎ የሚያስታምሙት ሰው አለ? የለም።