የተዋሰ ድምፅ

ድምፅ ማዋስ በተጀመረ በዓመቱ፣ ትርሲት በቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆና ድምጿን እስከ ማታ ለምንትዋብ አዋሰች። ከተወለደች ጀምሮ ተናግራ የማታውቀው የሮቦት ባለሙያ ምንትዋብ በዚያ ድምፅ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰችው። ትርሲት ግን ዱዳ ሆና ወንበር ስትደረድር ዋለች።

በምሳ ሰዓት እናቷ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ዝም ብትላቸው ይደነግጣሉ። ጨነቃትና ስልኩን ለምንትዋብ አቀበለቻት።

«ምሳ በላሽ?»

«አዎ እማዬ፣ በልቻለሁ።»

«ድምፁ የልጄ ነው፤ አንቺ ግን ልጄ አይደለሽም። እሷ ሁልጊዜ ‹አሁን ልበላ ነው› ነው የምትለኝ።»

ምንትዋብ ደነገጠች። «ይቅርታ እናቴ፣ ድምጿን ተውሼ ነው።»

«ይሁን ልጄ። ለመሆኑ አንቺስ እህል ቀምሰሻል?»