ጮክ ተብሎ የተነበበ አድራሻ

ገበያው ዳር፣ ከእህል ሻጮቹ አጠገብ፣ ደብዳቤ ጸሐፊው አለቃ ተክለ ማርያም ወረቀቱን አንስተው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አንድ ሰው መጥቶ ከካሣነሽ ኋላ ቁጢጥ ይላል። መጀመሪያ የምታየው ጥላውን ነው፤ ጎፈሬው ከትከሻው የሰፋ ጥላ። ቀስ ብላ ዞር ትልና ታውቀዋለች።

አንዳርጌ ነው። ባሏ አዱኛ በድንበር ጠብ በዱላ መትቶ የገደለው ሰው ታናሽ ወንድም። በአገራቸው በስማዳ የወንድሙን ደም ያልመለሰ ሰው ጠጉሩን አይላጭም፤ የአንዳርጌን ጠጉር ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ምላጭ አልነካውም።

ባሏ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞቷል። ደሙ ግን አብሮት አልተቀበረም፤ ወደ አንድ ልጇ ወደ ሙላው ዞሯል። ሙላው ሐረር ወታደር ነው። ጠቡ የተነሳው እሱ ከሄደ በኋላ ስለሆነ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይነገርም ብላ ደብቃዋለች። ከወገዳ ወደ እስቴ መሸሿንም አልሰማም። ባለፈው ሳምንት «ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ለገና ቤት እመጣለሁ» የሚል ደብዳቤው በድሮው አድራሻ ደርሶ በዘመድ እጅ መጣላት። «ቤት» ያለው ወገዳን ነው። ያ ቤት ያለው እነ አንዳርጌ ደጃፍ ላይ ነው።

አትምጣ ብላ ማስጻፍ ነበረባት። አራት ዓመት ናፍቃው አፏ እምቢ አላት።

አዲሱን ቦታ ለአለቃ የነገረቻቸው ወደ ጆሯቸው ተጠግታ ነው፤ ያን ጊዜ ኋላዋ ማንም አልነበረም። የአለቃን ደንብ ግን አላሰበችውም። አለቃ የጻፉትን ሳያነቡ ጣት አያስነኩም። ሲያነቡም ቅዳሴ ላይ የቆሙ ነው የሚመስላቸው፤ የገዛ ጆሯቸው ስለከበደ አገሩን ሁሉ ደንቆሮ አድርገውታል።

«አለቃ፣ ይተዉት፤ አምንዎታለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አይነበብ!»

«እኔ የሰው ቃል አልሰርቅም፣ ልጄ። ኋላ እንዲህ አላልሁም ብትይ ማን ይመሰክርልኛል?»

ካሣነሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትሸፋፈናለች። ምናልባት አላወቃት ይሆናል። ወረቀቱን ብትነጥቅ ያውቃታል፤ ብትሮጥም ያውቃታል። ደግሞስ ወዴት ትሮጣለች?

«ይድረስ ለልጄ ለወታደር ሙላው አዱኛ» ይላሉ አለቃ፣ እያዜሙ። «እንደምን ሰንብተሃል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ፣ ወገዳ ቤት የለንም፤ እንዳትሄድ። ከእንግዲህ አድራሻዬ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ከገበያው በታች፣ ሽማኔው ጁሃር ጓሮ ነው። ለገና ስትመጣ ከመኪና ወርደህ የጁሃርን ቤት ጠይቅ። እናትህ ካሣነሽ።»

ስሙ ከነአባቱ፣ ቀኑ ከነቤቱ። ገዳይ ይህን ሁሉ ለማወቅ ስንት ቀን በደከመ፤ አለቃ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱለት። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ትነክራለች፤ ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት ነው። አሻራዋን ወረቀቱ ግርጌ ታሳርፋለች። ልጄን በገዛ አፌ ገደልሁት፣ ትላለች በልቧ። ይቅደዱት፣ አትምጣ ብለው ይጻፉልኝ ልትል አፏን ስትከፍት፣ አንዳርጌ ተነስቶ ከጎኗ ይቀመጣል። ዱላውን በመካከላቸው ያጋድመዋል።

«ለእኔም ይጻፉልኝ» ይላል። እሷን አያያትም። የሚያየው መሬቱን ነው። «ለእናቴ ለስንዱ ነው። ወገዳ።»

አለቃ የካሣነሽን ደብዳቤ አሽገው ይሰጧትና አዲስ ወረቀት ያነሳሉ። መነሳት ትፈልጋለች፤ ዓይኗ ግን ከዱላው አይነቀልም።

አንዳርጌ ያንሾካሹካል፤ አለቃ «ምን አልህ?» እያሉ ይጽፋሉ። ብዙ አይደለም። ወረቀቱን አንስተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ስንዱ። ፈልግ ብለሽ የላክሽኝን ሰዎች እስቴን ሙሉ አስሼ አጣኋቸው። ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ገብተዋል አሉኝ። እናትዮዋ ሞታለች፤ ልጁን የሚያውቀው የለም። እኔም ከእንግዲህ ወገዳ አልመለስም። ልጅሽ አንዳርጌ።» አለቃ ከወረቀቱ በላይ ያዩታል። «አድራሻህስ?»

«ገና ነው» ይላል። «ስገባ እጽፍልሻለሁ ብለው ይጨምሩበት።»

ካሣነሽ ቃሉን በልቧ ትደግማለች። እናትዮዋ ሞታለች። የሞተችው እሷ ናት፤ እዚሁ ጎኑ ተቀምጣ፣ ደብዳቤዋን ጨብጣ። ለእናቱ ዋሽቶ ነው ወይስ እሷን ሊያዘናጋት? አውሬም አድፍጦ ዝም ይላል። ልቧ እስከ ገና ድረስ ወሮቹን ይቆጥራል፤ ሦስት ናቸው።

አንዳርጌ ጣቱን አሳርፎ ይነሳል። ቀለሙን በዱላው ይጠርግና ጎንበስ ብሎ አለቃን አንድ ነገር ይጠይቃል።

«ምን አልህ?»

ይደግማል።

«ጮክ በል እንጂ፣ ሰውዬ!»

አንዳርጌ ቀና ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ካሣነሽን ፊት ለፊት ያያታል፤ ዓይኖቹ እንቅልፍ አጥተው የቀሉ ናቸው። «ጠጉር የሚላጭ ሰው!» ብሎ ይጮሃል፣ ድምፁ እየተሰበረ። «እዚህ አገር ጠጉር የሚላጭ ማነው?»

እህል ሻጮቹ ዞር ይላሉ። አለቃ በብዕራቸው ገበያው ጫፍ ወዳለው ዋርካ ያሳዩታል፤ ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ምላጩን እየሳለ ተቀምጧል።

ደብዳቤ የሚወስደው የደብረ ታቦሩ መኪና ጡሩንባውን ይነፋል። ካሣነሽ ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ይዛ ትነሳለች፤ ግን አትራመድም። ዓይኗ ዋርካው ሥር ነው። የመጀመሪያው ጠጉር መሬት እስኪወድቅ ትጠብቃለች።