የቀኝ ትከሻ

«ቀጥ ብለህ ቁም አልኩህ!»

«ቆሜያለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«ይሄ መቆም ነው? የዘመመ አጥር!»

ልብስ ሰፊው የመለኪያ ጠመኔውን እንደ ጨበጠ ደንበኛውን ዞረው። ወጣቱ አስተማሪ ነገ ሙሽራ ነው። ኮቱ በግራ በኩል ልክክ ብሏል፤ ቀኝ ትከሻው ግን ድመት የተወሸቀበት ይመስል ጉብ ብሎ ቀርቷል።

«ልኬን ደብተር ላይ ጽፈውት አልነበር?» አለ ሙሽራው ፈራ ተባ እያለ።

«ደብተር ለጀማሪ ነው! ሠላሳ ዓመት መቀስ የጨበጠ እጅ አይሳሳትም። ሰው ራሱ ተጣሞ ይፈጠርና ጥፋቱን ልብስ ሰፊ ላይ ይለጥፋል!»

የልብስ ሰፊው ሚስት የስፌት መኪናዋን አቆመች። ታላቅ ወንድሙ ከተቀበረ ሁለት ወር ሆነ፤ ሁለት ወር ሙሉ በሥጋትና በትዝብት እያየችው ነው። አላለቀሰም። በማግስቱ ሱቁን ከፈተ። «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ባለችው ቁጥር ይቆጣል። ምኑ ነው የሚወጣለት? ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ እጁ ይሠራል። ሰው ደህና ሲሆን ምን ያናድዳቸዋል?

ተነሥታ መጣችና የኮቱን ትከሻ በጣቶቿ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው።

«ስፖንጁ ድርብ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ወንድሙ ፖስታ አመላላሽ ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ቦርሳ ቀኝ ትከሻውን አውርዶበት ስለ ነበር፣ ልብስ ሰፊው ለእሱ ኮት ሲሰፋ እዚያ ጋ ስፖንጁን ይደርብለት ነበር። ለሌላ ሰው አድርጎት አያውቅም።

«ማነው የደረበው?» ብሎ አፈጠጠባት።

ከልቡ ነበር የጠየቀው። እሷም ይህ ገብቷት እጇን ከኮቱ ላይ አነሣች። እሱ መቀሱን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ የገዛ እጁን ገልብጦ አየ።

ሙሽራው የባልና ሚስት ጠብ ያስነሣ መስሎት ደነገጠ። «ኧረ ችግር የለም ጋሼ! እኔ ትንሽ እንዲህ ዝቅ ካልኩለት…» አለና ቀኝ ትከሻውን ጣል አደረገው።

ጉብታው ጠፋ። ጀርባው ላይ አንድም መሸብሸብ አልቀረም። ከኋላው የልብስ ሰፊው መዳፍ ኮቱን ሊያስተካክል ሄዶ ዝቅ ያለው ትከሻ ላይ እዚያው ቀረ።

ሙሽራው ራሱን በመስታወት ሊያይ ዞር ማለት ጀመረ።

«አትዙር» አለ ልብስ ሰፊው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ትንሽ… እንደዚያው ቁምልኝ።»