አሥራ ሁለቱ እህቶች

የሬዲዮ ጣቢያው የባህል ዘፈን ፕሮግራም አዘጋጅ ሴት ድምፃዊ አያጫውትም። እታፈራሁ ዘፈኗን በፍላሽ ይዛ በተመላለሰች ቁጥር፣ «እህቴ፣ ሴት ስትዘፍን አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል» እያለ ይመልሳታል።

አንድ ቀን ከሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ መጣ። ከሚተላለፉት ዘፈኖች ግማሾቹ የሴቶች ይሁኑ ይላል። አዘጋጁ አልተከራከረም። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱን አቀረበ፤ ከሃያ አራቱ ዘፈኖች አሥራ ሁለቱ የሴቶች ናቸው፦ «ይርገዱ»፣ «ጥሩአየር»፣ «አንጓች»፣ እያለ ይቀጥላል።

ሥራ አስኪያጁ ሬዲዮ አይሰማም፤ ሪፖርት ግን አያልፈውም። በጣም ደስ አለው።

«ጎበዝ! ለሴቶች ቀን አሥራ ሁለቱንም ጥራልኝ፤ መድረክ ላይ እንሸልማቸዋለን።»

አዘጋጁን ላብ አጠመቀው። ቢሆንም ትእዛዝ ነውና ዘፋኞቹን አንድ በአንድ እየደወለ ጠራቸው።

በዕለቱ «እንኳን ደህና መጣችሁ እህቶቻችን» ከሚለው ጨርቅ ሥር አሥራ ሁለት ባለጢም ወንዶች ማሲንቋቸውን ይዘው ተደረደሩ። አበባ እንድታድል የተጠራችው እታፈራሁ ለሁሉም አዳረሰች።

ሥራ አስኪያጁ ጨርቁን አየ፤ ጢሞቹን አየ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሰው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ይርገዱ የታለች?» አለው።

«እሷማ ሌላ አግብታ ሄደች፣ ጌታዬ» አለ ሰውየው አበባውን እያሸተተ። «የዘፈንኩላት እኔ ነኝ።»