ሦስት ቤት ወደ ታች

ፍሥሐ የሠራው የምሥጢር መጻፊያ ፕሮግራም ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በገበታው ላይ ሦስት ቤት ወደ ታች ያወርደዋል። «ሰላም» «በሣስ» ይሆናል። ሞክሼዎቹን ፊደላት እንኳ አልዘለለም። ደብረ ብርሃን በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ መቶ ጊዜ ሞክሮታል፤ ግን አላመነውም።

«ማንንም ያላታለለ ምሥጢር አልተፈተነም» አለችው አልታየች በስልክ። አንኮበር ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሊያገባትም ይፈልጋል። «በአባትህ እጅ ላክልኝ።»

«በአባባ? አብደሻል!»

«ዓመት ሙሉ ‹ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ› እያልክ አይደል? ካነበቡት ተገላገልክ!»

አባቱ መሪጌታ ገብረአማኑኤል አንኮበር ላይ አርባ ዓመት ፊደል አስቆጥረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ልጃቸውን ሳያዩ አይመለሱም። ፍሥሐ «አይንሽ ፀሃይ ነው። ፍስሃ» ብሎ ጻፈና ፕሮግራሙ የሰጠውን በእጁ ገልብጦ አቀበላቸው።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?»

«የኮምፒውተር ሙከራ ነው አባባ። ለአስተማሪዋ ያድርሱልኝ።»

«መነጽሬንም አልያዝኩ» አሉና ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት።

እሑድ አልታየች ፕሮግራሙ የፈታላትን ፎቶ አንስታ ላከችለት፦ «ዐይንሽ ፀሐይ ነው። ፍሥሐ»

ፍሥሐ ደነገጠ። አራት ፊደል ተለውጧል።

«ፕሮግራምህ አማርኛ ይበልጥሃል» ብላ ሳቀችበት። «ደግሞ የእጅ ጽሑፍህ እንዲህ ማማሩን አላውቅም ነበር።»

እያሾፈችበት መሰለው። ሳምንቱን ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር አጣራ። አንድም ስሕተት የለም። በቀጣዩ ቅዳሜ ሌላ ላከ፤ ያው ሆነ። ፊደል በገዛ እጁ የሚያርም ፕሮግራም ነገ ደግሞ ምሥጢሩን ራሱን ቢያወጣበትስ?

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ደፈረ። «ላገባሽ ሃሳብ አለኝ፤ አባባን ግን ፈራሁ። ፍስሃ» ብሎ ጻፈ። መሪጌታ ወረቀቱን ሲቀበሉ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ይሄ ሙከራ አያልቅም እንዴ?» ብቻ አሉ።

እሑድ ፎቶው መጣ። አልታየች ከራሷ አንዲት ቃል አልጨመረችም። «ሃሳብ» «ሐሳብ» ሆኗል፤ ስሙም ተቃንቷል። ከስሙ ሥር ግን እሱ ያልጻፈው መስመር ነበር፦

«በሚመጣው እሑድ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ፤ ለልጄም ስሙ በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ ንገሪልኝ።»