የዓርብ አጫሽ

የፋብሪካው ነርስ ሲስተር እማዋይሽ ሲጋራ ማቆም ለሚፈልጉ ሠራተኞች ያዘጋጀችው ፕሮግራም ቀላል ነበር። ዘወትር ዓርብ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እሷ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ትላለች፤ ተናጋሪው እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። የመጋዘኑ ጋሽ ጥላዬ አንድም ዓርብ ቀርተው አያውቁም። ከጉልበታቸው ሕመም እስከ መጋዘኑ አይጥ፣ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም።

በስድስተኛው ወር አርአያ ተብለው ሲሸለሙ፣ ሲስተር ፊቷ በደስታ በርቶ ሽልማቱን ለማየት ወደ መጡት ባለቤታቸው ዞረች።

«እትዬ፣ ቤትዎ ከሲጋራ ሽታ ተገላገለ አይደል?»

«የምን ሽታ? ይሄ ሰውዬ እኮ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም!»

ሲስተር ደንግጣ ጋሽ ጥላዬን አየቻቸው። እሳቸው ሽልማታቸውን እንደታቀፉ አቀረቀሩ።

«እንዴት ሰነበትክ የሚለኝማ ሞልቷል፣ ልጄ። መልሱን ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ ግን ዓርብ ብቻ ነው የማገኘው።»